የኤርንስት አቤ ታሪክና የተራራ አዳኝ መነጽር

በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ያረጀ ባለሁለት ዓይን መነጽር ይገኛል። ቆዳው ተልጧል፤ ማንገቻውም ከተበጠሰ በኋላ በሲባጎ ተቀጥሏል፤ ነገር ግን በትከሻው ላይ የተቀረጸው 8 × 30 የሚል ጽሕፈት እስካሁን በደንብ ይነበባል። እኛ ተማሪዎች ይህን ቍጥር መጀመሪያ ባየን ጊዜ ግማሾቻችን መነጽሩ 30 ጊዜ ያቀርባል ብለን ተከራከርን፤ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ። መምህራችን ክርክሩን ካዳመጡ በኋላ 8 የማጕላት ኃይሉ፣ 30 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር መሆኑን አስረዱን። ቀጥለውም እንዲህ ያለውን መነጽር በሒሳብ አስልቶ ለዓለም ያበረከተው ሰው የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ እንደ ነበረ ነገሩን። ስሙም ኤርንስት አቤ ይባላል። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ የዚህን ሰው ታሪክ መረጥሁ።

ታሪኩን ስጽፍ ደጋግሜ የማነሣው ምሳሌ ተራራ ወጥቶ አጋዘን የሚያድን ሰው ነው። የመነጽርን ጥቅምና ጕድለት ከአዳኝ ይበልጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጥቂት ነውና። መነጽሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ አቀበትና ቍልቍለት ይሄዳል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ፀሐይ ሳትወጣና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ አይቶ የተሳሳተ እንደ ሆነም የስሕተቱ ዋጋ የአንድ እንስሳ ሕይወት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ደግሞም አጋዘን ስል በአገራችን የሚገኘውን ባለጠምዛዛ ቀንድ አጋዘን ማለቴ አይደለም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረውን፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለው ቀንዱ በየዓመቱ የሚወድቅና እንደ ገና የሚበቅለውን እንስሳ ማለቴ ነው። ይህ ዓይነቱ በኢትዮጵያ የለም፤ ቋንቋችን ግን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷል።

ኤርንስት አቤ በ1840 ዓ.ም. ጥር 23 ቀን በጀርመን አገር አይዘናኽ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በፈትል ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት እንደ ሥራው ብዛት በቀን 14፣ 15 ወይም 16 ሰዓት ነበር፤ ለምሳ የተለየ ዕረፍት አይሰጥም ነበር። ሕፃኑ ኤርንስት ወይም እኅቱ በየተራ ለአባታቸው ምሳ ይዘው ወደ ፋብሪካው ይሄዱ ነበር። አባቱ በማሽኑ ላይ ደገፍ ብሎ ቆሞ፣ ወይም በአንድ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ምግቡን ከነድስቱ ፈጠን ፈጠን እያለ ይበላና ባዶውን ድስት ለልጁ መልሶ ወዲያው ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱም የማይደክም የነበረው ይህ ሰው ገና በ48 ዓመቱ መልኩም አካሄዱም የሽማግሌ ሆኖ ነበር። ልጁ ይህን አይቶ አልረሳም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ታላቅ ሊቅና ባለጸጋ በሆነ ጊዜ በንግግሩ ያነሣው ይህንኑ ድስት ነበረ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ይህንን ነው፤ ወደ ኋላም እመለስበታለሁ።

የአባቱ አሠሪ የልጁን ብልኅነት ተመልክቶ ለትምህርቱ ረዳው። አቤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1857 ፈጽሞ በዬና ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሒሳብ ተማረ። በጌቲንገን ካስተማሩት መካከል ዊልሄልም ቬበርና በርንሃርት ሪማን ይገኙባቸዋል። በ1861 ገና በ21 ዓመቱ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ጥቂት ጊዜ በፍራንክፈርት ከቆየ በኋላ በ1863 ወደ ዬና ተመልሶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1871 የቀድሞ መምህሩን የካርል ስኔልን ልጅ ኤልሰን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በዬና ከተማ ከ1846 ጀምሮ ካርል ሣይስ የሚባል የእጅ ጥበብ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የማይክሮስኮፕ ሌንስ የሚዘጋጀው በሙከራ ነበረ። ሠራተኛው ብዙ ሌንሶች ይስላል፤ ከዚያም አንዱን ከአንዱ እያጋጠመ ያይባቸዋል፤ ጥሩ የሚያሳየው ሲገኝ ይወሰዳል፤ የማያሳየው ይጣላል። ዛሬ አንድ ድንቅ መሣሪያ የወጣለት ሰው ነገ ያንኑ ለመድገም ዋስትና አልነበረውም። ሣይስ በዚህ አሠራር ተቸግሮ በ1866 ወደ አቤ መጣ። ሣይስ የ50 ዓመት ሰው ነበረ፤ አቤ ገና 26 ዓመቱ ነበረ። የሽማግሌው ጥያቄ አጭር ነበረ፤ ይኸውም ሌንሱ ሳይሠራ አስቀድሞ በሒሳብ ሊታወቅ ይችላልን የሚል ነው።

አቤም ሥራውን ጀመረ። ነገር ግን መጀመሪያ ያሰላቸው ሌንሶች ከድሮዎቹ የባሱ ሆኑ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ እንዳለኝ አልሸሽግም፤ ሊቃውንትም ይሳሳታሉና። አቤ ምስሉን የሚያደበዝዙትን የሌንስ ጕድለቶች ለመቀነስ ብሎ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብቦት ነበር። ጕድለቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን ጥቃቅኑ ዝርዝር አብሮ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ሒሳቡን ትቶ ወደ ሙከራ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲመረምር አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። ሌንስ ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚወጣውን ብርሃን በሰፊው ካልሰበሰበ በቀር ምስሉ ምንም ያህል ቢጎላ ዝርዝሩ አይታይም። ብርሃን ሞገድ ስለ ሆነ፣ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ገደማ ያነሰውን ነገር በጊዜው የነበረው ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማሳየት አይችልም። ይህንን በ1873 በጽሑፍ አወጣ። ከዚያም በፊት፣ ከ1872 ጀምሮ፣ የሣይስ ማይክሮስኮፖች በአቤ ስሌት ተሠርተው ይሸጡ ነበር። ሣይስም በውለታው አቤን የድርጅቱ ባለድርሻ አደረገው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። መነጽር ለመግዛት ሱቅ የገባ አዳኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ጊዜ ያቀርባል ብሎ ነው፤ 12 ካለ 15 አለን ይላል፤ 15 ካለም 20 ይመኛል። ከአቤ ሥራ የምንማረው ግን ማጕላት ብቻውን ባዶ ሊሆን እንደሚችል ነው። በማይክሮስኮፕ ወሰኑን የሚያደርገው የብርሃን ሞገድ ሲሆን በአዳኝ መነጽር ግን ከዚያ አስቀድመው ሌሎች ወሰኖች ይመጣሉ፤ እነርሱም የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከድንጋይ ላይ የሚነሣው የሙቀት ብልጭልጭታና የብርሃን ማነስ ናቸው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አቤ ሒሳቡን ቢያውቅም ሒሳቡ የሚፈልገው ዓይነት ብርጭቆ አልነበረም። በ1879 ኦቶ ሾት የሚባል ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ አዲስ የብርጭቆ ዓይነት መሥራቱን ጽፎ ናሙና ላከለት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተባበሩ፤ ሾት በ1882 ወደ ዬና መጣ፤ በ1884ም ከአቤና ከሣይስ ጋር የብርጭቆ ፋብሪካ አቋቋመ። መልካም መነጽር ከዚህ ፋብሪካ በፊት ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱን አሁን እገልጣለሁ።

የድሮ አዳኞች የሚይዙት መነጽር የጋሊልዮ ዓይነት ነበረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምስሉንም ቀጥ አድርጎ ያሳያል። ጕድለቱ ግን ከሦስት ወይም ከአራት እጥፍ በላይ ሲያጐላ የሚታየው ቦታ እጅግ መጥበቡ ነው፤ በቍልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ይሆናል። የኬፕለር ዓይነት የሚባለው ደግሞ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ምስሉን ይገለብጠዋል፤ አጋዘኑም እግሩ ወደ ሰማይ ይሆናል። ይህን ለማቅናት ተጨማሪ ሌንስ ሲገባበት ቱቦው ይረዝማል። ኢግናሲዮ ፖሮ የተባለው ጣልያናዊ በ1854 ለዚህ ብልኀት አገኘለት፤ ብርሃኑን በሁለት ፕሪዝሞች ውስጥ እያጠፈ ሲያሳልፈው ምስሉ ይቀናል፤ መንገዱ ስለ ታጠፈም ቱቦው ያጥራል። ነገር ግን ብርሃኑ በወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ብርጭቆው ንጹሕ ካልሆነ ምስሉ ይበላሻል። የፖሮ ፈጠራ በዚህ ምክንያት ሳይስፋፋ ቀረ። አቤ የፖሮን ሥራ ሳያውቅ ያንኑ ሐሳብ በራሱ ደርሶበት በ1873 አንድ መሣሪያ አሠርቶ ነበር፤ እርሱንም ያገደው የብርጭቆው ጕድለት ነው። ሐሳቡን ሃያ ዓመት ያህል አቆየው።

በ1893 የሾት ብርጭቆ በእጁ ስለ ነበረ ፈጠራውን ለማስመዝገብ አመለከተ። የፖሮ ቀዳሚነት ስለ ታወቀ በፕሪዝሙ ላይ መብት ማግኘት አልቻለም፤ የተፈቀደለት ሁለቱን የፊት ሌንሶች ከዓይኖቻችን ርቀት ይበልጥ ማራራቁ ነበረ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የሰው ዓይን የነገሮችን ቅርብነትና ርቀት የሚለየው ሁለቱ ዓይኖች ከተለያየ ስፍራ ስለሚያዩ ነው፤ ሌንሶቹ ሲራራቁ ይህ መለያየት ይጨምራል። በቍጥቋጦ ውስጥ የቆመ አጋዘን ከኋላው ካለው ቅጠል ተለይቶ ብቅ ይላል። በ1894 የመጀመሪያዎቹ የሣይስ ፕሪዝም መነጽሮች ለገበያ ወጡ፤ እነርሱም 4 × 11፣ 6 × 15ና 8 × 20 ነበሩ።

ከነዚህ ቍጥሮች ውስጥ 8 እስከ ዛሬ ድረስ ከአዳኞች እጅ አልወጣም። ለምን እንደ ሆነ እንመልከት። በ800 ሜትር ርቀት ያለ አጋዘን በ8 እጥፍ መነጽር 100 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታያል፤ በ10 እጥፍ ደግሞ 80 ሜትር ላይ። ልዩነቱ 20 ሜትር ብቻ ነው። በሌላ ወገን በ1000 ሜትር ርቀት 8 × 42 የሆነው መነጽር 130 ሜትር ያህል ስፋት ሲያሳይ 10 × 42 የሆነው 110 ሜትር ያህል ያሳያል፤ 15 × 56 የሆነው ግን ወደ 75 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የሚንቀሳቀስ እንስሳ በዛፎች መካከል የሚከተል ሰው ሰፊውን ይፈልጋል። ዛፍ በሌለበት ገደል ለገደል የሚያይ ሰው ግን 10ን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በእጅ ለሚያዝ መነጽር ግን 10 የመጨረሻው ደረጃ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። መምህራችን ከአንድ ወዳጃቸው 12 እጥፍ የሚያጐላ መነጽር ተውሰው አምጥተው ነበርና በእግር ኳስ ሜዳው ጫፍ ላይ ፊደሎች የተጻፉበት ወረቀት ሰቅለን ከሌላው ጫፍ ሆነን ተፈራረቅንበት። ቆመን በእጃችን ስንይዘው አብዛኞቻችን በ8 እጥፉ ያነበብነውን ያህል በ12ቱ ማንበብ አቃተን፤ ፊደሎቹ ይጨፍሩ ነበር። መነጽሩ ምስሉን እንደሚያጐላ ሁሉ የእጃችንንም መንቀጥቀጥ 12 ጊዜ ያጐላዋል። ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ወዲያው ያየ ጓደኛችንማ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። በግንቡ ላይ አስደግፈን ባየን ጊዜ ግን 12ቱ አሸነፈ። በአሪዞና ደረቅ ተራሮች ላይ አጋዘን የሚሹ አሜሪካውያን አዳኞች 15 እጥፍ የሚያጐላውን መነጽር በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አኑረው፣ ከኰረብታ ላይ ተቀምጠው፣ ሰዓታት የሚያስሱት ስለዚህ ነው። ለእነርሱ ትክክል ነው። መነጽሩ ግን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ማቆሚያው ሲጨመርበት፣ ድንኳኑንና ስንቁን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ ለብዙ ቀን ከመንገድ ርቆ ለሚጓዝ ሰው ከባድ ሸክም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የብርሃን ነገር ነው። አጋዘን ቀን በጥላ ተኝቶ ውሎ ማለዳና አመሻሽ ለግጦሽ ይወጣል። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጕላት ኃይሉ ስናካፍል ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። የአቤ የመጀመሪያው 8 × 20 መነጽር 2.5 ሚሊሜትር ይሰጣል። የዓይናችን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚከፈት ለቀን ይበቃል፤ በጨለማ ግን የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላልና በአመሻሽ ያ መነጽር ይጨልማል። 8 × 42 የሆነው 5.25 ሚሊሜትር፣ 10 × 42 የሆነው 4.2 ሚሊሜትር ይሰጣል። ክቦቹን በስፋት ብናነጻጽራቸው የ8 እጥፉ ምስል በድንግዝግዝታ ከ10 እጥፉ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይደምቃል ማለት ነው። በጀርመን አገር በጫካ ዳር ማማ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ አዳኞች የሚወዱት 8 × 56 ሙሉ 7 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ እርሱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ተቀምጦ ለሚጠብቅ እንጂ ለሚጓዝ አይመችም። ዕድሜ ሲገፋም ብሌን እንደ ወጣትነት አይከፈትም፤ ስለዚህ አባትና ልጅ ለአንድ ጫካ ልዩ ልዩ መነጽር ቢመርጡ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1935 በዚያው በሣይስ ድርጅት አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንሱን በስስ ሽፋን በመቀባት ከብርጭቆው ላይ እየነጠረ የሚባክነውን ብርሃን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ቍጥር የተጻፈባቸው ሁለት መነጽሮች በምሽት እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። ለተራራ ጉዞ አንድ ብቻ ግዛ ብባል እኔ 8 × 42 እገዛ ነበር።

ይህ ሁሉ የቍጥር ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በጀርመን አዳኞች ዘንድ ጠመንጃ ከመነሣቱ በፊት እንስሳው ተባዕት ይሁን እንስት፣ ሽማግሌ ይሁን ግልገል ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ግልገሎቿን የምታሳድግ እናት መግደልም በሕግ የተከለከለ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ከሃያ ደቂቃ በኋላ በዛፍ ጥግ የቆመችውን እንስሳ፣ በሣሩ ውስጥ ከእግሯ ሥር የተኛ ግልገል ይኑር አይኑር የሚያሳየው መነጽሩ ነው። ለዚህ የሚጠቅመው የማይንቀጠቀጥና ብሩህ ምስል ነው፤ ትልቅ ሆኖ የጨለመ ምስል ግን ያሳስታል።

ካርል ሣይስ በ1888 ሞተ። አቤ በዚህ ጊዜ እጅግ ባለጸጋ ሊሆን በሚችልበት ስፍራ ላይ ነበረ። እርሱ ግን በ1889 በራሱ ስም ሳይሆን በሟቹ ጓደኛው ስም የካርል ሣይስ ድርጅት የሚባል የበጎ አድራጎት ተቋም መሠረተ፤ በ1891ም በሁለቱ ፋብሪካዎች ላይ የነበረውን የባለቤትነት ድርሻ ለዚሁ አስረከበ። ከዚያ በኋላ በገዛ ፋብሪካው ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ሠራ። በ1896 በወጣው ደንብ የሠራተኛው ጡረታ፣ የዕረፍት ቀን ክፍያና ከትርፍ የሚደርሰው ድርሻ ተወሰነ፤ ማንም ሰው በሃይማኖቱ፣ በትውልዱ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ምክንያት እንዳይገፋ ተደነገገ። የከፍተኛ ሹማምንትም ደመወዝ ከሠራተኛው አማካይ ገቢ ከ10 እጥፍ እንዳይበልጥ ተገደበ።

ቀጥሎ የመጣው የሥራ ሰዓት ጉዳይ ነው። በፋብሪካው የቀኑ ሥራ 9 ሰዓት ነበር። አቤ ከሚያዝያ 1 ቀን 1900 ጀምሮ ወደ 8 ሰዓት አወረደው። ብዙ ባለፋብሪካዎች ይህ ኪሣራ ነው ይሉ ነበር። እርሱ ግን እንደ ልማዱ መዘነ፤ የሠራተኞቹን የቀደመና የአሁን ሥራ በቍጥር አስተያየ፤ በ8 ሰዓት የተሠራው በ9 ሰዓት ይሠራ ከነበረው ጥቂት በልጦ ተገኘ። ድካም ራሱ የሥራ ኃይል እንደሚበላ በስሌት አሳየ። አባቱ በቆመበት ሆኖ ምሳ ይበላበት ከነበረው ፋብሪካ እስከዚህ ቀን ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ዘመኑን ሁሉ ብዙ ይሠራ፣ ጥቂት ይተኛ ስለ ነበረ ጤናው ተበላሸ፤ ለሌሎች ያወጣውን የሰዓት ገደብ እርሱ ራሱ አልጠበቀም። በ1903 ከፋብሪካው አመራር ወጣ። በ1905 ዓ.ም. ጥር 14 ቀን በዬና ዐረፈ፤ 65 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በ1911 በከተማይቱ መካከል በሄንሪ ቫን ደ ቬልደ ዕቅድ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት፤ በውስጡም ማክስ ክሊንገር የቀረጸው ምስሉና ኰንስታንተን ሜኒየ የሠራቸው፣ ሠራተኞችን በየሥራቸው የሚያሳዩ ቅርጾች አሉበት። የማይክሮስኮፕን ወሰን የሚናገረው ቀመሩም በዚያችው ከተማ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ቆሟል።

የፊዚክስ ክፍሉ መነጽር በዚህ ዓመት አዲስ ማንገቻ ተገዝቶለታል። ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከመምህሩ አስፈቅዶ በዕረፍት ሰዓት ሊወስደው ይችላል፤ በግንቡ ላይ ማስደገፉን ግን አይርሳ።